ቤዛዊት በዊልቸር፦ ወጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ

ሽምብጥዬ — መስከረም 26

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ብዙ ጊዜ እያነበብኩ እወጣለሁ እንጂ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከ6 ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ወገቤን ተጎዳሁ። ከዚያ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከተማው ውስጥ ብዙም አልቸገርም። ሜዳ ነው፣ የዘንባባው ጥላ አለ፣ ብስክሌት የሚሄድበት ሁሉ እኔም እሄዳለሁ። የቀረኝ ከዓባይ ማዶ ያለው ኮረብታ፣ ቤዛዊት ነው።

ተማሪ እያለን ፈተና ባለቀ ቁጥር ቤዛዊት እንወጣ ነበር። በእግራችን፣ ኪሳችን ቆሎ ሞልተን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ቀኝ ታጥፈን እንወጣለን። ላይ ደርሰን ቁጭ ስንል ዓባይ ከጣና ተለይቶ ሲሄድ ይታያል። ከተማው ዛፍ ውስጥ ተደብቆ፣ ፀሐይዋ ከሐይቁ በኩል ስትገባ እናያለን። አሁን በድልድዩ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ኮረብታውን አየዋለሁ። ሆዴ ይባባል።

ወንድሜ "አዝዬሽ እወጣለሁ፣ ምን ችግር አለው?" ይለኛል። እኔ ግን መታዘል አልፈልግም። በራሴ ወንበር ላይ ሆኜ ነው መውጣት የምፈልገው። የሚገፋኝ ቢኖር ደስ ይለኛል፣ መገፋት ሌላ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ባጃጅ እስከ የት ይደርሳል? ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ምን ይመስላል? ስንት ሰው ይበቃኛል? ደግሞ ለማለት እየከበደኝ ነው የምጽፈው፣ ሽንት ቤትስ?

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለመሄድ ነው ያሰብኩት።


ባለባጃጁ — መስከረም 26

እህቴ፣ እኔ ፋሲሎ አካባቢ ባጃጅ ነው የምሠራው። ቤዛዊት ብዙ ደንበኛ አድርሻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ባጃጅ ይወጣል። ግን ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይሞቃል። አንቺና አንድ ሰው ብቻ ግቡ። ሌላው ሰው በሌላ ባጃጅ ይምጣ፣ ወይም ቀድሞ በእግሩ ይውጣ። ዊልቸርሽ የሚታጠፍ ነው? የሚታጠፍ ከሆነ ትልልቆቹን ጎማዎች ፈትቶ ከኋላ ማሰር ይቻላል። የሚታሰረው በሲባጎ አይደለም፣ በካላማዳሪ (በጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ነው። ሲባጎ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይላላል። ካላማዳሪ ግን ይለጠጥና መልሶ ይይዛል። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው የእግር ማሳረፊያ መንገድ ላይ ወድቆብን አንድ ሰዓት ፈልገናል። ስለዚህ ተነቃይ ነገር ሁሉ ሰው ይያዘው፣ ከኋላ አይታሰር።

ዋናው ነገር ሒሳቡን ስትነጋገሪ ደርሶ መልስ ብለሽ ተነጋገሪ። ባለባጃጁ እዚያው ይጠብቅሽ። ላይ ባጃጅ ቆሞ ሰው አይጠብቅም። አድርሶሽ ከሄደ ደውለሽ እስኪመጣ ይመሻል። ሳይመሽ ደግሞ መውረድ አለብሽ።


የሹም አቦው — መስከረም 27

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እንደ አባት ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳታዝኚብኝ። ወንድምሽ አዝሎሽ ቢወጣ ምን ክፋት አለው? እኛ እናታችንን አዝለን ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አድርሰናታል። ከጀልባው ከወረድን ጀምሮ ያ የቡና ጫካ መንገድ ድንጋይና ሥር ነው፣ እየተፈራረቅን አዘልናት። ተሳልማ ተመለሰች። መረቀችን። ወንድምን ጀርባ መንሳት ለወንድምየውም ከባድ ነው።


ሽምብጥዬ — መስከረም 27

ጋሼ፣ እንዴት አዝንብዎታለሁ? ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለምን እንደማልፈልግ ግን ልንገርዎ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የአክስቴ ልጅ ስትመረቅ ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች ወደ አንዱ ሄድን። መግቢያው ላይ 7 ደረጃ ነበር። አራት ሰዎች መጡ፣ ሳይጠይቁኝ አነሱኝ። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ በኩል። ቀሚሴ ተገልቦ ነበር፣ እጄን ወደ ቀሚሴ ማውረድ አልቻልኩም፣ ትከሻቸውን ይዤ ነበርና። ውስጥ ገብተን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ አንድ አስተናጋጅ "መተላለፊያ ያጣብባል" ብሎ ዊልቸሬን ወስዶ መጋዘን አስገባው። ሦስት ሰዓት አንድ ቦታ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ኬክ ሲቆርስ፣ ፎቶ ሲነሳ፣ ሐይቁ ዳር ሄዶ ሲቆም፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ክፉ ያደረገብኝ ሰው የለም። ሁሉም "ምን ይምጣልሽ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ግን እግሬን ወስደውት ነበር።

ወንድሜ ቢያዝለኝ ቤዛዊት እደርሳለሁ። ደርሼ ግን እሱ ያስቀመጠኝ ድንጋይ ላይ ነው የምቀረው። ወደ ግራ ሄጄ ዓባይን ልይ፣ ወደ ቀኝ ዞሬ ሐይቁን ልይ ብል ሁልጊዜ "አንሳኝ" ልል ነው። ዊልቸሬ ከእኔ ጋር ከወጣ ግን ላይ ስደርስ ነፃ ነኝ። ልዩነቱ እሱ ነው ጋሼ።


ዘንባባ — መስከረም 27

አነበብኩት። አለቀስኩ። ለእህቴም ስለሚጠቅማት እየተከታተልኩ ነው።


ፔዳ ነባር — መስከረም 28

ሽምብጥዬ፣ እኔም የዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ነው የተማርኩት። ቤዛዊት ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያው ጥሩ አልነበረም፣ ሁለተኛው ግን በጣም ጥሩ ነበር። ሁለቱንም ልንገርሽ።

በመጀመሪያው ባጃጁ ካወረደን በኋላ ጠጠሩ ላይ ወደ ፊት ልግፋ አልኩ። የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ጠጠር ውስጥ ይሰጥማሉ። ትልቁ ጎማ ይሽከረከራል፣ ትንሹ ይቆፍራል። ጓደኛዬ ከኋላ በኃይል ሲገፋኝ ደግሞ በግንባሬ ልደፋ ደረስኩ። እዚያው ተጨቃጭቀን ተመለስን።

በሁለተኛው ሁለት ዘዴ ይዘን ሄድን። አንደኛው ገመድ ነው። ከእግር ማሳረፊያው በላይ ባለው ብረት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ገመድ ታስሮ አንድ ሰው ከፊት ይጎትታል። ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ላይ ሲጎትት የፊት ጎማው ይቀልለዋል፣ አይሰጥምም። ከኋላ ያለው ሰው የሚገፋው በቀስታ ብቻ ነው። ገመዱ የሚታሰረው ዋናው ብረት ላይ ነው፣ ተነቃይ ነገር ላይ ከታሰረ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ መንገዱ በጣም በጠጠረበት ቦታ ወንበሩን አዙሮ በጀርባ መጎተት ነው። ትልቁ ጎማ ከፊት ሲሆን ጠጠሩን ይረግጠዋል። ፊትሽ ወደ ቁልቁለቱ ስለሚሆን መጀመሪያ ያስፈራል። ግን እየወጣሽ ከተማውን ታያለሽ፣ እኔ እንዲያውም ያን ወደድኩት።

ስታርፉ ወንበሩን ለዳገቱ አግድም አቁሙት፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ፍሬን ብቻ አትመኚ። ስትወርዱም ቁልቁለቱ ኃይለኛ በሆነበት ቦታ በጀርባ ነው የሚወረደው። የሚይዝሽ ሰው ከታች በኩል ሆኖ፣ አንቺ ወደ ዳገቱ እያየሽ። ጓንት አትርሺ፣ መዳፍሽ ይላጣል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ጥቅምት አትሂጂ! ሰው ሁሉ ጥቅምት ጥሩ ነው ይልሻል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ነው። የቆመ ሰው ስለሆነ ነው እንዲህ የሚልሽ። ጥቅምት ላይ ሣሩ ገና አልታጨደም። ለቆመ ሰው ወገቡ ጋ ነው፣ ለእኔ ዓይኔ ጋ። በመጀመሪያው ጊዜ ጓደኞቼ "ጉማሬ! ጉማሬ!" ብለው ወደ ወንዙ ሲጠቁሙ እኔ የማየው ሣር ነበር። ኅዳር መጨረሻ ወይ ታኅሣሥ ሂጂ። ሣሩ ታጭዶ፣ መንገዱም ደርቆ ይቆይሻል።


ሽምብጥዬ — መስከረም 28

ወንድሜ፣ ተባረክ። የሣሩን ነገር በሕይወቴ አላስብም ነበር። ድሮ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ትዝታዬም ቆሞ ነው ያለው። ወደ ታኅሣሥ አዛውሬዋለሁ።


ዓባይ ማዶ — መስከረም 29

እህቴ፣ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለልሽ አይደል? 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ የእግረኛውም የብስክሌቱም መንገድ ሰፊ ነው። በ2016 ግንቦት ላይ ከተመረቀ ጀምሮ ሰው ማታ ማታ የሚናፈሰው እዚያ ነው። ዓባይን እዚያው ሆነሽ ታዪዋለሽ።


ሽምብጥዬ — መስከረም 29

ድልድዩን እወደዋለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እሄድበታለሁ። ግን ድልድዩ ላይ ሆኜ ዓባይ ከሥሬ ነው የሚያልፈው። ቤዛዊት ላይ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። አንዱ በሌላው አይተካም።


ነጭ ጋውን — መስከረም 30

ሰላም ሽምብጥዬ። ነርስ ነኝ፣ የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለባቸውን ብዙ ሰዎች አክሜያለሁ። ሽንት ቤትን የጠየቅሽው እየከበደሽ ነው። አትፈሪበት፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ብዙዎች ከቤት ሊወጡ ሲሉ ውሃ አይጠጡም። ከዋዜማው ጀምረው ይተዋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የሚገቡበት ሽንት ቤት የለም። ግን ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም። የጉዞው ማግስት ብርድ ብርድ ብሏቸው፣ አተኩሷቸው የሚመጡ አሉ። እባክሽ ውሃሽን ጠጪ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የምትጠቀሚ ከሆነ ልትወጪ ስትይ ቤት ተጠቀሚ። አንድ ትርፍ፣ የእጅ ማጽጃ፣ ንጹሕ ውሃና ትልቅ ነጠላ ያዢ። ነጠላውን ሴት ከያዘችልሽ መጋረጃ ይሆናል። ስለዚህ አብረውሽ ከሚሄዱት ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ይህን ወንድሞቻችን አያስቡትም፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሌላው መቀመጫሽ ነው። ባጃጁ ያንገጫግጫል። የዊልቸርሽን ፎም አውጥተሽ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጪበት፣ ከኋላ ከዕቃው ጋር አይታሰር። ላይ ስትደርሺም እይታው ሲጥምሽ ጊዜውን ትረሺዋለሽ። በየ15ቱ እስከ 30 ደቂቃው በክንድሽ ተደግፈሽ ከፍ በዪ፣ ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ትንሽ ቆዪ። ማታ ቤት ገብተሽ በመስታወት መቀመጫሽንና ተረከዝሽን እዪ። የቀላ ቦታ ካለ እስኪጠፋ አትቀመጪበት። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ቁስል በሰዓታት ውስጥ ይጀምርና ለወራት ያስተኛል።

ፀሐዩም አለ። ባሕር ዳር ዝቅ ያለች ትመስላለች እንጂ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ባርኔጣ አድርጊ። የወንበሩ ብረትም ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይግላል፣ እግርሽ እንዳይነካው።


ራጂ ጠጋኝ — መስከረም 30

ብስክሌት ነው የምጠግነው። ባሕር ዳር ዊልቸር የሚጠግን ለብቻው ፈልጋችሁ ልታጡ ትችላላችሁ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ግን በየማዕዘኑ አለ። ትልቁ ጎማ እኮ የብስክሌት ዘመድ ነው። ራጂው (የጎማው ሽቦ)፣ ካላማዳሪው፣ ኩሽኔታው ከብስክሌት ጋር ይቀራረባል።

ከመሄድሽ ሳምንት በፊት አሳዪ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣት ሲነኳቸው ድምፃቸው ይቀራረባል። አንዱ "ዶፍ" ካለ ላልቷል። የላላ ራጂ ጠጠር ላይ ይሰበራል፣ አንዱ ሲሰበር ጎረቤቱን ያዳክማል። የፊቷ ትንሽ ጎማ መዞሪያዋ ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል፣ ይቆረጥ፣ ይጠረግ።

ስለ አየሩ ደግሞ፣ ለጠጠር ብላችሁ ጎማውን በጣም አታላሉ። ብዙው የዊልቸር ፍሬን ጎማውን ተጭኖ ነው የሚይዘው። ጎማው ከላላ ፍሬኑ አየር ላይ ይቀራል፣ የቆመ መስሎሽ ይንሸራተታል። ትንሽ መንፊያና አንድ ካላማዳሪ ያዙ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።


ፖሊ 4ኛ ዓመት — ጥቅምት 2

ሲቪል ምህንድስና ነው የምማረው። እዚህ ያነበብኩት ሁሉ ሰው ችግሩን በጉልበት እንዴት እንደሚያልፈው ነው። እኔ ስለ መንገዱ ልጻፍ።

በዓለም ላይ ለዊልቸር የሚሠራ ተዳፋት የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው። 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር መሄድ ማለት ነው። ይህን ለመለካት ማሽን አያስፈልግም። 1 ሜትር ጣውላና የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃል። ጣውላውን ላይኛው ጫፉ መሬት ነክቶ፣ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ታችኛውን ጫፍ ከፍ ታደርገዋለህ። ከዚያ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ትለካለህ። 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ሰው በራሱ ክንድ ሊሞክረው ይችላል። 15 ከሆነ ረዳት የግድ ነው። እንዲህ እያደረጉ በየ20 ሜትሩ ቢለኩ የቤዛዊት መንገድ የትኛው ቦታ እንደሚያስቸግር በወረቀት ላይ ይወጣል። ምናልባት የሚያስቸግረው ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው። "ኮረብታ ነው፣ አይሆንም" ከማለት "ይህ 30 ሜትር ይስተካከል" ማለት ይሻላል። 30 ሜትር ሰው በእጁ ይሠራዋል።

ሕጉንም አይቼዋለሁ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መግቢያ ይኑረው ይላል። ሽምብጥዬ የጻፈችው 7 ደረጃ ያለው መዝናኛ የሚጠየቀው በዚህ ዓይነት ሕግ ነው። ኮረብታ ግን ሕንፃ አይደለም። ለኮረብታው የሚጠቅመን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። እዚያ አንቀጽ 30 ስለ መዝናኛና ስለ ባህል ቦታዎች ነው፣ ቅርሶችና የቱሪስት ቦታዎችም በስም ተጠቅሰዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ ቤዛዊትን ማየት ሰው በጎ ሲሆን የሚሰጠን ነገር ብቻ አይደለም።

ለመለካት ፈቃደኛ ነኝ። ጣውላው አለኝ።


የሹም አቦው — ጥቅምት 9

ልጄ ሽምብጥዬ፣ የጻፍሽልኝ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴን ጠየቅኳት። "ያን ጊዜ ኡራ ስንወስድሽ መንገዱ እንዴት ነበር?" አልኳት። "መች አየሁትና" አለችኝ። "ትጥሉኛላችሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የደረስኩት። ሥዕሉን ነው ያየሁት፣ ጫካውን አላየሁም።" ዘጌ የምትወደው ደግሞ ለጫካው ነበር። የእናቷ አገር ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ለሰው "እናቴን አዝዬ አሳለምኳት" እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።


ሽምብጥዬ — ታኅሣሥ 8

ወጣሁ!

ትናንት ነው። ዛሬ ክንዴ ስለዛለ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሳን። ወንድሜ፣ የልጅነት ጓደኛዬና እኔ። ባለባጃጁን እዚሁ በውስጥ መስመር አግኝቼው እሱ ራሱ ነው የወሰደን። ጎማዎቹን ሲፈታ አይቼዋለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው የያዛቸው። በካላማዳሪ አሰራቸው፣ ፎሙን እኔ ተቀመጥኩበት። ወንድሜ ቀድሞ በእግሩ ወጣ።

ባጃጁ ካወረደን በኋላ ወንበሩ ተገጣጠመ። ገመዱን ወንድሜ ያዘ፣ ጓደኛዬ ከኋላ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። እኔም ጓንቴን አድርጌ እገፋለሁ። ከዚያ የቀኝ የፊት ጎማዬ ድንጋይ ገጥሞት ቆመ። ወንድሜ ገመዱን ጥሎ መጣና ምንም ሳይለኝ በብብቴ ገብቶ ሊያነሳኝ ሞከረ። ጮህኩበት። እሱም ጮኸ። "ልርዳሽ ብዬ ነው!" አለ። ጓደኛዬ መሀል ገብታ "ጠይቃት እንጂ" አለችው። ለትንሽ ጊዜ ሦስታችንም ዝም አልን። ከዚያ ወንድሜ ቁጢጥ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ነቀለና ወደ ዳር ወረወረው። ቀና ብሎ አየኝና "ልጎትት?" አለኝ። "ጎትት" አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ላይ ድረስ በየቆምንበት "ልጎትት?" እያለ ነው የወጣው። 6 ዓመት ሙሉ ያልተግባባነውን እዚያ ዳገት ላይ ተግባባን ብል ውሸት አይሆንብኝም።

መጨረሻው ላይ ፔዳ ነባር እንዳልከው አዙረውኝ በጀርባ ወጣሁ። ከተማው ከእግሬ ሥር እየራቀ፣ እየሰፋ ሲሄድ አየሁት። ያ አወጣጥ ለቆመ ሰው የለም።

ኮረብታው ላይ ያለው የቤተ መንግሥት ቅጥር ጥበቃ አለው፣ ወደዚያ ፎቶ አይነሳም። ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። እኛ ወደ ወንዙ በኩል ዞርን። ሣሩ ታጭዷል፣ ግን ጫፉ ላይ ያልታጨደ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ልክ ዓይኔ ጋ። አንገቴን ስሰብቅ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ 9 ወይም 10 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቆሞ ያየኝ ነበር። መጣና ወንበሬ ጎን ዝቅ አለ። ጭንቅላቱን እኔ ጭንቅላት ያለበት ከፍታ ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ አየ። ከዚያ ተነሳና ሣሩን እየረገጠ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አስተኛው። ሦስት አራት ጊዜ። ምንም አልተናገረም። ተመልሶ ዝቅ ብሎ አየ፣ ዓባይ ታየው መሰለኝ፣ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ዓባይ ታየኝ። ከሐይቁ ሲወጣ ያለችው ሰፊዋ ቦታ፣ ከዚያ ደሴቶቹን ከቦ የሚከፋፈልበት፣ ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ በኩል የሚጠፋበት። ሁለቱ ድልድዮች። ጉማሬ አላየንም። ለብቻዬ ወደ ግራ ሄድኩ፣ ቆየሁ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ሐይቁን አየሁ። ማንንም "አንሳኝ" አላልኩም። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ባለባጃጁ ከታች ክላክስ ነፋልን፣ ወረድን።

ነጭ ጋውን፣ ውሃዬን ጠጥቻለሁ። ነጠላውም ሠርቷል። መቀመጫዬ ደህና ነው፣ ተረከዜ ላይ ትንሽ ቀልቶ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ጠፍቷል።


ነጭ ጋውን — ታኅሣሥ 8

እሰይ! ተረከዝሽን ለሁለት ቀን ትራስ ላይ ሰቅለሽ ተኚ።


ፔዳ ነባር — ታኅሣሥ 8

ልጁን አገኘሁት ብለሽ ብትነግሪኝ ሄጄ አመሰግነው ነበር።


የሹም አቦው — ታኅሣሥ 10

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ጽሑፍሽን ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ "እኔስ እንደዚያች ልጅ በወንበር ብወጣ አይሆንም?" አለችኝ። ቤዛዊትን አይታው አታውቅም፣ ባሕር ዳር ከመጣች 40 ዓመቷ ነው። ዊልቸር የለንም። የሚያውሰን ሰው ካለ ብዬ ነው።


ሽምብጥዬ — ታኅሣሥ 10

ጋሼ፣ እኔ ጋ አሮጌው ወንበሬ አለ። ሁለት ራጂ ጎድሎታል እንጂ ደህና ነው። ራጂ ጠጋኝ ካየልኝ ለእማማ ይሆናል። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እንውጣ። እኔም እሄዳለሁ።


ራጂ ጠጋኝ — ታኅሣሥ 10

አምጪው። ሒሳብ የለውም።


ፖሊ 4ኛ ዓመት — ታኅሣሥ 11

እኔ ጣውላዬንና ውሃ ልኬን ይዤ ከታች ጀምሬ እየለካሁ እወጣለሁ። ጽሑፍ የሚይዝልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።


ዘንባባ — ታኅሣሥ 11

እኔ እይዝልሃለሁ። እህቴንም አመጣለሁ።


ባለባጃጁ — ታኅሣሥ 11

ሁለት ባጃጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጓደኛዬን ይዤ እመጣለሁ። እማማ መንገዱ ያንገጫግጫል ብለው እንዳይፈሩ፣ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው። 8 ሰዓት ድልድዩ አጠገብ።